ባለ ሁለት ሞተር ሞዴል አውሮፕላን በፎገራ ሜዳ፤ አሠራሩና የሙከራ በረራው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ግድብ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ኃይል ማመንጫና ስለ ፋብሪካ መስማት በለመደ ጉባኤ ፊት ቆሜ ክብደቱ 2.5 ኪሎ ግራም ስለ ሆነ ሞዴል አውሮፕላን ለመናገር ስነሣ፣ ከመካከላችሁ «ይህ የልጅ ጨዋታ ምን ቁም ነገር አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አልፈርድበትም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የንግግሬ መሠረት ስለ ሆነ አስቀድሜ በአጭሩ ላስቀምጠው። ወጣት መሐንዲሶቻችን ማስላትን ያውቃሉ። ያሰሉትን ነገር በእጃቸው ሠርተው፣ መዝነውና ፈትነው፣ ውጤቱን ከስሌቱ ጋር ለማስተያየት ዕድል የሚያገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው። ድልድይ ወይም ግድብ ለመለማመጃ አይሆንም፤ ቢወድቅ ሰው ይጎዳል፣ የአገር ሀብት ይጠፋል። ሞዴል አውሮፕላን ግን ከስሌት እስከ ሙከራ ያለውን የምሕንድስና ሥራ በሙሉ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ሜዳ ላይ ያሳያል፤ ቢሰበርም የሚሰበረው እንጨትና ወረቀት ነው።

ዛሬ የማቀርብላችሁ በ2011 ዓ.ም. የበጋ ወራት፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ አንሥቶ እስከ ወረታ በሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ ከጥቂት የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ጋር ሆነን የሠራነውንና የፈተንነውን ባለ ሁለት ሞተር፣ በሽቦ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ነው።

፩. ስለ በረራና ስለ አገራችን ጥቂት ቃል

አገራችን ከበረራ ጋር የተዋወቀችው በቅርቡ አይደለም። ፖቴዝ 25 የተባለው የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አዲስ አበባ ውስጥ ሠራ። አውሮፕላኗም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች። በወረራው ጊዜ ኢጣሊያኖች ወስደዋት ከ80 ዓመታት በላይ በዚያ አገር ከቆየች በኋላ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። የመመለሷን ዜና ስንሰማ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን መሐንዲስ የሆነ ሰው ከደስታው ቀጥሎ ሊያስበው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አውሮፕላኗ ስትመለስ የሠራቻት ወርክሾፕ አብራ አልተመለሰችም። ወርክሾፕ ከተበተነ በኋላ ከሙዝየም ተመዝዞ የሚመጣ አይደለምና፣ እንደ ገና ከመሠረቱ መሠራት አለበት።

ከወረታ ወደ ምሥራቅ የደብረ ታቦርን መንገድ ይዘን ስንወጣም ይህንኑ የሚያስታውስ ስፍራ እናገኛለን። በጋፋት መንደር በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የውጭና የአገር ባለሙያዎች ተሰብስበው ብረት ያቀልጡ ነበር፤ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል የሆነው ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራውም በዚያው ነው። መድፉ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት እስከ መቅደላ ተጎተተ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይታያል፤ የጋፋት የእሳት ምድጃ ግን ከዚያ ወዲህ ለትውልድ ሳይተላለፍ ቀርቷል።

እነዚህን ሁለት ምሳሌዎች ያነሣሁት ለኀዘን አይደለም። ሥራው ሲቀር የሚጠፋው ዕቃው ሳይሆን የእጅ ልማዱ መሆኑን ለማመልከት ነው።

ለሞዴላችን አርአያ አድርገን የመረጥነው ዳግላስ ዲ.ሲ. 3 የተባለውን አውሮፕላን ነው። ምክንያታችን ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ያደረገው የዚሁ አውሮፕላን የጭነት ዓይነት በሆነው ሲ. 47 ነበር፤ ከዚያም በኋላ ይኸው አውሮፕላን ለብዙ ዓመታት በየጠቅላይ ግዛቱ የሣር ሜዳ ላይ እያረፈ ሰውና ዕቃ አመላልሷል። አባቶቻችን «አውሮፕላን» ሲሉ በዐይነ ኅሊናቸው የሚመጣው የርሱ መልክ ነው።

፪. በሽቦ መምራት ምን ማለት ነው?

በሽቦ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ሬዲዮ የለውም። አብራሪው በክብ ሜዳ መሐል ቆሞ እጀታ ይይዛል። ከእጀታው ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ተነሥተው በግራ ክንፉ ጫፍ በኩል ወደ አውሮፕላኑ ይገባሉ፤ በመሐልም ቤልክራንክ ከሚባል፣ ሦስት ቀዳዳ ካለው መዘወሪያ ሳህን ጋር ይያያዛሉ። አብራሪው የእጁን አንጓ ወደ ላይ ሲያዘነብል ሳህኑ ይዞራል፤ ሳህኑ በዘንግ አማካይነት የጅራቱን ኤሌቬተር ያንቀሳቅሳል፤ አውሮፕላኑም ይወጣል። እጁን ወደ ታች ሲያዘነብል ይወርዳል። ሌላ መሪ የለውም፤ መዞሩን ሽቦው ራሱ ያዞረዋል።

ይህን ዘዴ በአሜሪካ፣ በኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ ኦባ ሴንት ክሌር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሠርቶበታል፤ በ1940ዎቹ ደግሞ በዚያው ክፍለ ግዛት ይኖር የነበረው ጂም ዎከር ፋየርቦል በተባለው ሞዴሉ አማካይነት በሰፊው አሠራጭቶታል። እ.ኤ.አ. በ1947 ሬይ አርደን የግለት ሻማ የሚባለውን ክፍል ለገበያ ካቀረበ በኋላ የትናንሽ ሞተሮች አሠራር ቀለለ፤ የሽቦ በረራም በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ዛሬም ዓለም አቀፉ የበረራ ስፖርት ፌዴሬሽን በሽቦ የሚመሩ ሞዴሎችን በፍጥነት፣ በአየር ላይ ትርኢት፣ በቡድን ሩጫና በፍልሚያ ዘርፎች እንዲሁም በእውነተኛ አውሮፕላን ቅጂነት ያወዳድራል።

የስሌቱ መሠረት ሁላችንም በአንደኛ ዓመት የተማርነው ነው። ክብደቱ 2.5 ኪሎ ግራም የሆነ አውሮፕላን 18 ሜትር ርዝመት ባለው ሽቦ ታስሮ በሴኮንድ 20 ሜትር ማለትም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ የአንድ ዙር ርዝመት 113 ሜትር፣ የአንድ ዙር ጊዜ ደግሞ 5.7 ሴኮንድ ያህል ይሆናል። ሽቦውን የሚወጥረው ኃይል ግዝፈቱ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ለሬዲየሱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 56 ኒውተን ያህል፣ ከአውሮፕላኑ ክብደት እጥፍ በላይ ነው። ፍጥነቱ ወደ 12 ሜትር ሲወርድ ግን ውጥረቱ ወደ 20 ኒውተን ይወርዳል። ፍጥነቱ በ40 በመቶ ሲቀንስ ውጥረቱ ከ60 በመቶ በላይ መቀነሱን ልብ በሉ። ውጥረት ከሌለ ትእዛዝ አይተላለፍም፤ ስለዚህ በዚህ ዓይነት በረራ ፍጥነት ማለት ሥልጣን ማለት ነው።

፫. ሁለት ሞተር የሚያመጣው ችግር

ባለ አንድ ሞተር ሞዴል ሞተሩ ቢጠፋ ተንሸራቶ ያርፋል። ባለ ሁለት ሞተሩ ግን ከሁለቱ የትኛው እንደ ጠፋ ይጠይቃል። አውሮፕላኑ ከላይ ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ ዙረት ተቃራኒ ስለሚዞር የግራ ክንፉ ወደ አብራሪው፣ የቀኝ ክንፉ ወደ ውጭ ነው። የውጭው ሞተር ቢጠፋ የውስጡ ሞተር አፍንጫውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ሽቦው እንደ ተወጠረ ይቆያል፤ አብራሪውም አይቸገርም። የውስጡ ሞተር ቢጠፋ ግን የውጭው ሞተር አፍንጫውን ወደ አብራሪው ይመልሰዋል፤ ሽቦው ይላላል፤ አውሮፕላኑ ከትእዛዝ ውጭ ይሆናል።

በአኃዝ እንየው። እያንዳንዱ ሞተር ከመሐል 18 ሴንቲ ሜትር ርቆ ተቀምጧል፤ በሙሉ ጉልበት የሚገፋውም 5 ኒውተን ያህል ነው። ብቻውን የቀረ ሞተር እንግዲህ 0.9 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል አለው። ይህን የሚቃወመው ዋናው ነገር ሽቦው ከክንፉ የሚወጣበት ነጥብ ከክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ መሆኑ ነው። ይህን ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር አድርገነዋል፤ በሴኮንድ 20 ሜትር ሲበር 56 ኒውተን በ2 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ 1.1 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ስለዚህ ያሸንፋል። በሴኮንድ 12 ሜትር ሲሆን ግን የሚሰጠው 0.4 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይሸነፋል። ጅራቱና ሽቦው ራሱ የሚጨምሩት እርዳታ ቢኖርም፣ አደገኛው ሰዓት አውሮፕላኑ ፍጥነት ሳያገኝ የሚነሣበት ጊዜ መሆኑን ስሌቱ በግልጽ ያሳያል።

በነዳጅ ሞተር የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ ችግር ቀላል ብልሃት አላቸው፤ የውጭውን ሞተር አስቀድመው ያስነሣሉ፣ ለውስጡ ሞተር የበለጠ ነዳጅ ይሰጣሉ። በዚህ አኳኋን መጀመሪያ የሚጠፋው የውጭው ይሆናል። እኛ ሜታኖልና የሞተር ዘይት ፍለጋ ከመድከም ይልቅ የኤሌክትሪክ ሞተርና የሊቲየም ባትሪ መረጥን። በኤሌክትሪክ ግን ሁለቱ ሞተሮች ከአንድ ባትሪ ስለሚመገቡ ቅደም ተከተሉን ነዳጅ አይወስነውም። ስለ ሆነም ሠልጣኞቹ የሁለቱን ሞተሮች ፍሰት የሚለካ ትንሽ ሰርኪዩት ሠሩ። ሕጉ ይህ ነው፤ የውጭው ቢጠፋ የውስጡ ይቀጥል፤ የውስጡ ቢጠፋ የውጭው ወዲያው ይቁም። ሁለት ሞተሮችን በእኩል ማየት ለዐይን ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለአውሮፕላኑ ግን አደጋ ነው።

፬. ከፍታውና የአየሩ ቅጥነት

ከውጭ አገር የሚመጡ የሞዴል ንድፎች በአብዛኛው ለባሕር ጠለል አቅራቢያ የተሠሩ ናቸው። የፎገራ ሜዳ ግን በጣና ዳር፣ ወደ 1,800 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ይገኛል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን የአየሩ እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 0.95 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል መደበኛው 1.225 ስለ ሆነ፣ የእኛ አየር የዚያ 78 በመቶ ነው ማለት ነው።

የዲ.ሲ. 3 ክንፍ 29 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱም 91.7 ካሬ ሜትር ነው። በ1 ለ16 መጠን ሲቀነስ የክንፉ ርዝመት 1.81 ሜትር፣ ስፋቱ 0.36 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ክንፍ 2.5 ኪሎ ግራም ተሸክሞ ሳይወድቅ የሚበርበት ዝቅተኛ ፍጥነት በባሕር ጠለል በሴኮንድ 10.6 ሜትር ሲሆን፣ በፎገራ ግን 12 ሜትር ነው። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ስለሚቀጥን ግፊቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። የፕሮፔለር ግፊት ዙሩ ሳይለወጥ ከስፋቱ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ የጠፋውን ለመመለስ ስፋቱን በ6 በመቶ መጨመር በቂ ነው። የእውነተኛው ዲ.ሲ. 3 ፕሮፔለር ወደ 3.5 ሜትር ስለ ሆነ በመጠኑ 22 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ እኛ 23.4 ሴንቲ ሜትር አድርገነዋል። መልኩን የሚለካ ዳኛ ቢኖር ነጥብ ይቀንስብን ነበር፤ አየሩ ግን አመስግኖናል።

፭. አሠራሩ

የክንፉን ዋና ተሸካሚ ከተሰነጠቀ ቀርከሃና ከቀጭን ኮምፔንሳቶ ሠራነው። ቀርከሃ በርዝመቱ ሲሳብ ብርቱ፣ ለክብደቱም ቀላል ነው፤ ጉድለቱ አንጓው ነው። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው ቁራጭ አንጓዎች በአንድ ቦታ እንዳይገጥሙ አፈራረቅናቸው። የክንፉን ቅርጽ የሰጠነው ከዕቃ ማሸጊያ ፎም በጋለ ሽቦ ቆርጠን ነው፤ በላዩም ወረቀት በኮላ ለበጥንበት። የአካሉ ክፈፎች ኮምፔንሳቶ ናቸው።

ክብደቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመዝገብ ያዝነው፤ አካሉና ክንፉ 1,250 ግራም፣ ሞተሮቹ ከመቆጣጠሪያቸውና ከፕሮፔለራቸው ጋር 480፣ ባትሪው 470፣ ጎማውና ቤልክራንኩ 200፣ ሚዛን መጠበቂያው 100 ግራም ሆነ። የክብደት ማዕከሉን በአማካይ የክንፍ ወርድ 20 በመቶ ላይ፣ ማለትም ከፊት ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ አስቀመጥነው።

ሚዛን መጠበቂያው በውጭው ክንፍ ጫፍ ላይ መቀመጡ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በውድማ ላይ እህል ሲበራይ ማየት ይበቃል፤ በዳር ያለው በሬ በመሐል ካለው ይልቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ክንፉም እንዲሁ ነው። የውጭው ጫፍ በ18.9 ሜትር ሬዲየስ፣ የውስጡ በ17.1 ሜትር ስለሚዞሩ በአየሩ ግፊት መካከል በጫፎቹ ላይ 22 በመቶ ልዩነት አለ። የውጭው ክንፍ ይበልጥ ይነሣል፤ አውሮፕላኑም ወደ አብራሪው ያዘነብላል። በዚህ ላይ 32 ግራም የሚመዝኑት ሽቦዎች የውስጡን ክንፍ ወደ ታች ይስቡታል። የሁለቱን ክንፎች ርዝመት ማበላለጥ መልኩን ስለሚያበላሽ ማስተካከያውን በክብደት አደረግነው።

፮. ሜዳው

የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው «ለአውሮፕላን ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?» ይላል። ርብና ጉማራ ወንዞች ለዘመናት ያነጠፉት ደለል ነውና ዐይን እስኪታክት ድረስ ልጥጥ ያለ ነው። በክረምት ግን ውሃ ይተኛበታል፤ ሩዝ የለመደለትም በዚህ ጠባዩ ነው። በበጋ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ጎማው 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ አውሮፕላን በዚህ ላይ አይሮጥም። ስንጥቁን በአፈር ሞልተን ብንደለድለውም በሳምንቱ ተመልሶ ይከፈታል።

መፍትሔውን የሰጡን አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው። መሬቱን ስንለካ ቆመው ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ይህ የምታስሮጡት ነገር በክብ ነው የሚዞረው?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ፣ በክብ ነው፤ ስፋቱ ሦስት ሜትር የሆነ መንገድ ይበቃዋል» አልኋቸው።

«እንግዲያውስ የምትፈልጉት ሜዳ አይደለም፤ ውድማ ነው» አሉ።

በርሳቸው ምክር መሬቱ ረጥቦ ተረገጠ፤ ጭቃ ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ ተመታበት፤ በመጨረሻም እንደ ውድማ በእበት ተለቀለቀ። ሲደርቅ ያለ ስንጥቅ እንደ ሲሚንቶ ለሰለሰ። ገለባው ጭቃውን እንደ ብረት አጥር ይይዘዋል፤ እበቱም እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን ይከለክላል፤ ስንጥቅ የሚመጣው እርጥበት በድንገትና ባልተስተካከለ መንገድ ሲወጣ ነውና። እኛ በመጽሐፍ የምናውቀውን እርሳቸው በእጃቸው ያውቁታል። ከክቡ ዳር እስከ ቅርቡ የኤሌክትሪክ መስመር ያለው ርቀት ከ100 ሜትር እንዳያንስ አደረግን፤ በእጅ የተያዘ የብረት ሽቦና የኤሌክትሪክ መስመር ፈጽሞ መቀራረብ የለባቸውም። የወረዳውን አስተዳደርና የፀጥታ አካልም በጽሑፍ አስፈቀድን።

፯. የሙከራ በረራው

ሙከራውን በደረጃ ከፈልነው፤ አንዱ ደረጃ ሳይፈጸም ወደሚቀጥለው ላለማለፍም በጽሑፍ ተስማማን።

አንደኛው ደረጃ የመጎተት ፈተና ነበር። አውሮፕላኑ ታስሮ እጀታው በተንጠልጣይ ሚዛን 25 ኪሎ ግራም እስኪያሳይ ድረስ፣ ማለትም በክብደቱ 10 እጥፍ ተጎተተ። ሽቦዎቹ እያንዳንዳቸው 0.38 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከ40 ኪሎ በላይ ይችላሉ። ፈተናው በእያንዳንዱ የበረራ ቀን ማለዳ ተደጋገመ።

ሁለተኛው ደረጃ ሞተሮቹን መሬት ላይ ማስሮጥ ነው። ሁለቱ ፕሮፔለሮች በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲዞሩና የመጠምዘዝ ኃይላቸው እንዲጣፋ አደረግን፤ ለዚህም ከሦስቱ የሞተር ገመዶች ሁለቱን ማቀያየር በቂ ነው። ሰዓት ቆጣሪው በ4 ደቂቃ እንዲያቆም ተሞላ፤ በዚያን ጊዜ ከባትሪው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ይቀራል። የውስጡን ሞተር ገመድ እየነቀልን የውጭው ወዲያው መቆሙን ሃያ ጊዜ አረጋገጥን።

ሦስተኛው ደረጃ በመሬት ላይ መሮጥ፣ አራተኛው ደረጃ ዝቅ ያለ በረራ ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አየሩ ጸጥ ይላል፤ ረፈድ ሲል ግን ከጣና በኩል ነፋስ ይነሣል። ስለዚህ የነፋሱ ፍጥነት በሴኮንድ ከ5 ሜትር በላይ ከሆነ እንዳይበር የሚል ሕግ አወጣን፤ ውሳኔውንም እጀታውን ለምትይዘው ሠልጣኝ ሰጠን።

ለአንደኛው ሙሉ በረራ እንግዶች ተጋብዘው ነበር። እንግዶቹ የደረሱት ከጠዋቱ 5 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ነፋሱም ቀድሟቸው መጥቶ ነበር። የንፋስ መለኪያው 7 አሳየ። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤቱ መጥተዋል፤ አንድ እንግዳም «ለጥቂት ዙር ብቻ አሳዩንና እንሂድ» አሉ። እጀታውን የያዘችው የሃያ ዓመት ወጣት እኔን አላየችም፤ መዝገቡን ከፍታ «ነፋስ 7፤ በረራ የለም» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ከዚያም ለእንግዶቹ በትሕትና፣ «ይቅርታ ያድርጉልን፤ ዛሬ አይበርም። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ቢመጡ በደስታ እናሳያለን» አለች። ብዙዎቹ ቅር ብሏቸው ሄዱ። በዚያ ሰዓት እኔም ሆንሁ ባልደረቦቼ አንዲት ቃል አልጨመርንም፤ የምንጨምረው አልነበረምና። በእኔ ግምት በዚያ በጋ ከተሠራው ሥራ ሁሉ ትልቁ ያቺ አንዲት መስመር ናት። አውሮፕላን ያልበረረበት ቀን በመዝገብ ሲገባ፣ ሙከራ ከትርኢት ይለያል።

በማግሥቱ ማለዳ አውሮፕላኑ 30 ሜትር ያህል ሮጦ ተነሣ። የመጀመሪያው ዙር 6.1 ሴኮንድ ፈጀ፤ ይኸውም በሴኮንድ 18.5 ሜትር ነው። የሽቦው ውጥረት በስሌቱ 48 ኒውተን መሆን ነበረበት፤ በእጀታው ላይ የነበረው ሚዛን 46 እና 49 መካከል ተወዛወዘ። ከ38 ዙር በኋላ ሰዓት ቆጣሪው ሞተሮቹን አቆመ፤ አውሮፕላኑም በውድማው ላይ አረፈ። ከእንግዶቹ መካከል ተመልሰው የመጡት ሦስት ብቻ ነበሩ።

የመጨረሻው ደረጃ የውጭውን ሞተር በአየር ላይ ሆን ብሎ ማጥፋት ነበር። በአንድ ሞተር የተሠራው ዙር 7.5 ሴኮንድ ፈጀ፤ በሴኮንድ 15.1 ሜትር ነው፤ ከዝቅተኛው ፍጥነት አንድ አራተኛ ያህል የሚበልጥ ነው። ውጥረቱ ወደ 32 ኒውተን ቢወርድም ሽቦው አልላላም። የውስጡን ሞተር በአየር ላይ የማጥፋት ሙከራ አላደረግንም፤ በመሬት ላይ ሃያ ጊዜ የተረጋገጠውን በአየር ላይ መድገም ከሚያስተምረው የሚያስከፍለው ይበልጣልና።

በዚያ ቀን ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው ነበር። «ሽቦውን ብትለቁለት ወደ ጣራ ገዳም ይሄድ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይሄድም አባቴ፤ ሽቦው ከተለቀቀ የሚመራው ስለሌለ ይወድቃል» አልኋቸው።

ጥቂት አስበው፣ «እንግዲህ እስራቱ ነው የሚያበረው» አሉ። ከዚህ የተሻለ የቁጥጥር ምሕንድስና ትርጓሜ ሰምቼ አላውቅም።

፰. ዛሬስ?

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከዚያ በጋ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በክልላችን ግጭት ተነሥቶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ መታወጅ ደርሷል። በዚህ ዘመን በገጠር ሰማይ ላይ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ሕፃናትን ከቤት ወደ ሜዳ የሚያስሮጥ መሆኑ ቀርቶ ከሜዳ ወደ ቤት የሚያስሮጥ ሆኗል። መሐንዲስ ይህን እንዳላየ ሆኖ ማለፍ አይችልም። የምንሠራው መሣሪያ በሰው ጆሮ ምን ትርጉም እንዳለው ማወቅ ከሙያችን ግዴታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ሰላም ባልጸናበት ቦታ ሁሉ ይህ ሥራ በአዳራሽና በተከለለ የትምህርት ቤት ግቢ ተወስኖ፣ የአካባቢው ሰው አስቀድሞ ተነግሮትና በዐይኑ አይቶት ይሠራ እላለሁ። በሽቦ የሚመራ ሞዴል ለዚህ ይመቻል፤ የመሪው ሰው እጅና የማሽኑ እስራት ለሁሉም ሰው የሚታይ ነውና።

ከዚህ ተነሥቼ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማኅበሩ በአገር ውስጥ ዕቃ ሊሠራ የሚችል፣ ለከፍታ አገራችን የተሰላ አንድ የባለ አንድ ሞተርና አንድ የባለ ሁለት ሞተር ሞዴል ንድፍ አዘጋጅቶ ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችና ለዩኒቨርሲቲዎች ያሠራጭ።

ሁለተኛ፣ ከንድፉ ጋር የሙከራ መዝገብ አብሮ ይሰጥ። በመዝገቡ ውስጥ «በረራ የለም» የሚል ዓምድ ይኑረው፤ ያ ዓምድ ባዶ ሆኖ የሚመለስ መዝገብ ሁለት ጊዜ ይመርመር።

ሦስተኛ፣ አባላት በየሚሠሩበት ቦታ በዓመት አንድ ቅዳሜን ለአንድ የሠልጣኞች ቡድን ይስጡ። የሚጠየቀው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚጠየቀው ጊዜም ከአንድ የስብሰባ ቀን አይበልጥም።

ያ ሞዴል ዛሬም አለ፤ ክንፉ ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ ባትሪው ተለውጧል። ያቺ ወጣት አሁን በሙያዋ ተቀጥራ ትሠራለች፤ መዝገቡም በእጇ ነው። አውሮፕላን መሥራት የሚችል ትውልድ የምናገኘው ከትልልቅ አዳራሾች ንግግር ሳይሆን፣ እንዲህ ያሉ ትናንሽ መዝገቦች በየከተማው ሲበዙ ነው ብዬ አምናለሁ።